«ሾላ በድፍን» በ400 ብር ሲከፈት
ፒያሳ ካለች አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የኪስ አጉሊ መነጽር ገዛሁ፤ 400 ብር። ከልጅነቴ ጀምሮ «ይሄ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?» እያልኩ ሰው አሰልቻለሁ፤ እናቴ ምስክር ናት።

መጀመሪያ የሾላ ፍሬ ሰንጥቄ አየሁበት። ውስጡ ጥቃቅን አበቦች፤ በመሃላቸው ከጉንዳን ያነሱ፣ ክንፍ ያላቸው ተርቦች! የአበባውን ብናኝ ከዛፍ ዛፍ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። የሚፈለፈሉትም እዚያው ፍሬው ውስጥ ነው። አንዱ ያለ አንዱ ዘር አይተካም። ለካ አበው «ሾላ በድፍን» ያሉት ወደው አይደለም።

መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። ማጠፊያው ግን በሳምንቱ ላላ፤ በጥፍሬ እያጠበቅኩ ነው የምጠቀመው። ካርቶኑ ላይ «30 እጥፍ» ይላል፤ ከ10 ያልፋል ብዬ አላምንም። ለባለሱቁ ብነግረው «ታዲያ ተርቡን አየሽው አይደል?» አለኝ።