ሱሉልታ ላለው ጠጋኛችን ምስጋና

ሱሉልታና አካባቢው ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ ካላችሁ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ። እጁ የተባረከ ነው።

ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች። ጋገራው ገና ሳይነጋ ይጀመራል፤ መብራት ከሄደ በጨለማ ነው። የእህቷ ልጅ ከውጭ ሲመጣ የምድጃውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ጄኔሬተር ይዞላት መጣ። ነዳጅ አይፈልግ፣ ድምፅ የለው። ግን አምፖሉ ቦግ እልም ይላል። ስልክ ሲሰካበት ደግሞ ቻርጅ ይጀምርና ወዲያው ያቋርጣል።

መጀመሪያ የወሰድንበት ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ለክተው “ተቃጥሏል፣ ጣሉት” አሉን። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና በጣም አናደደኝ። ቀዝቃዛ ዕቃ ምን ቮልት ሊያወጣ! ሳይንቲስቱ ቶማስ ሲቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 የደረሰበት ይህ ነገር የሚሠራው አንዱ ጎን ሞቆ ሌላው ሲቀዘቅዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ጠፈር የተላኩት ቮያጀር የተባሉት መንኮራኩሮችም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነው፤ የእነሱ ሙቀት ከፕሉቶኒየም ይመጣል።

የኛ ጠጋኝ ግን ገና ስነግረው “ቲቸር፣ እሳቱ እየነደደ ነው ማየት ያለብኝ” አለኝ። ማልዶ ቤታችን መጣ። እሳቱ ሲንቀለቀል ቴስተሩ 9 ቮልት አሳየ፤ ስልክ ሲሰካ ወደ ግማሽ ወረደ። ማገዶ ሲጨመር ይወጣል፣ ፍም ሲሆን ይወርዳል። ስልክ የሚፈልገው የረጋ 5 ቮልት ነው።

ከዚያ ያደነቅሁትን ነገር አየ። እሳቱ እንደነደደ ቮልቱ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ እጁን ወደ ማቀዝቀዣው የአሉሚኒየም ክንፎች አስጠጋ። “ይኸው፣ ቀዝቃዛው ጎንም ግሏል” አለ። ክንፎቹን ፈትቶ በቦታቸው ውኃ የሚይዝ የአሉሚኒየም ሳጥን ገጠመ። በኛ ከፍታ ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ፣ ውኃው እስካላለቀ ድረስ ያ ጎን ከዚያ ብዙ አያልፍም። ባለቤቴ የሞቀውን ውኃ ለሊጡ አብሲት ትጠቀምበታለች። በመሀል ያለውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አድሶ ብሎኖቹን በእኩል አጠበቀ። አንዱ ከላላ ሙቀቱ በደንብ አያልፍም።

ለቮልቱ ደግሞ ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ አድርጎ 5 ላይ የሚይዝ ሰርኪዩት አስገባ። ከፊቱ የቅጽበት መዋዠቁን የሚውጥ ካፓሲተር፣ ከኋላው ትንሽ የሊቲየም ባትሪ፤ ከ4.2 ቮልት በላይ እንዳይሞላ የሚቆርጥለት መከላከያም አለው። አሁን እሳቱ ቢደክምም አምፖሉ አይርገበገብም።

እውነቱንም አልደበቀንም። “እትዬ፣ ይሄ ጥቂት ዋት ነው፤ መብራትና ስልክ እንጂ ፍሪጅ አያነሳም” አላት። “ከአየር ሙቀት ብቻ ቤት ሙሉ መብራት” እያሉ ለሚሸጡትም ጆሮ እንዳንሰጥ መከረን። ልክ ነው፤ የሙቀት ልዩነት ከሌለ ኤሌክትሪክ የለም። ሂሳቡን ሥራ ሳይጀምር ነገረን፤ በኋላም ሳንቲም አልጨመረም።

ወንድሜ፣ ተባረክ፤ ሥራህን አክብረህ ስለምትሠራ ከልብ እናመሰግናለን።

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው አገናኛችኋለሁ። ጠዋት ቤት ለቤት ስለሚሠራ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ዕቃችሁ ሙቀት ላይ የሚሠራ ከሆነም ነቅላችሁ አትውሰዱት፤ መጥቶ እዚያው ይየው።