ከባሕር ዳር እስከ ሞጣ፦ ቅርንጫፎችን በየትኛው መስመር ማገናኘት ያዋጣል?

ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር፣ ቅርንጫፎቹ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ሞጣ የሆኑ ድርጅት ከሻጭ ጋር ሲቀመጥ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ ፋይበሩ ቅርንጫፉ በር ድረስ ይደርሳል ወይ? ሲበጠስስ በምን እንሠራለን?

ኤምፒኤልኤስ አገልግሎት ሰጪው በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ለእናንተ ለይቶ የሚሰጠው መንገድ ነው። ዳታው በሕዝብ ኢንተርኔት አያልፍም፤ ለስልክ ጥሪም ቅድሚያ ማሰጠት ይቻላል። ለባንክና ለማይክሮ ፋይናንስ ይሆናል፤ ለሌላው ዋጋው ይከብዳል። ደግሞ «የግል መስመር» ስለተባለ ዳታው ተመስጥሯል ማለት አይደለም፤ ምስጠራውን የምትጨምሩት ራሳችሁ ናችሁ።

ለፋርማሲም ሆነ ለእህል ጅምላ ነጋዴ እኔ የምመርጠው በተራ ብሮድባንድ ኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ ቪፒኤን ነው፤ ማለትም ዳታውን መስጥሮ በሕዝብ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ መንገድ፣ በአይፒሴክ ወይም በዋየርጋርድ ዘዴ። ወጪው ቀላል ነው፣ ግን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቋሚ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ቅርንጫፎቹ ሁልጊዜ የሚያገኙት የማይለወጥ የኢንተርኔት ቁጥር፣ ይኑረው። በ4ጂ ሲም የሚሠራ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች ደንበኞች ጋር በጋራ አድራሻ ስለሚወጣ ከውጭ አይደረስበትም፤ ስለዚህ ግንኙነቱን የሚጀምረው ቅርንጫፉ ይሁን። ፒንግ (ትንሿ የመስመር መሞከሪያ መልእክት) እያለፈ የሽያጭ ሶፍትዌሩ መሃል ላይ ቀጥ ካለባችሁ፣ መስመሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ኤምቲዩውን፣ ማለትም የአንድ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ትልቁን መጠን፣ ከ1500 ወደ 1400 ባይት አውርዱና ሞክሩ። ቪፒኤኑ በየፓኬቱ ላይ የራሱን መጠቅለያ ስለሚጨምር ትልልቁ ፓኬት ሳያልፍ ይቀራል።

ኤስዲ-ዋን በየቦታው ይወራለታል። እሱ ግን መስመር አይደለም፤ ያሏችሁን መስመሮች እያየ ፋይበሩ ሲደክም ሥራውን ወደ 4ጂ የሚያዞር ሥርዓት ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለው ቅርንጫፍ ምኑን ከምኑ ሊያማርጥ? ሦስትና አራት ቅርንጫፍ ላለው በየጊዜው የሚታደስ የፈቃድ ክፍያ ትርፍ ወጪ ይመስለኛል፤ ያንኑ መቀያየር ደህና ራውተርም ይሠራዋል።

ሁለተኛ መስመር ስትገዙ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ኬብል የሚመጣ ከሆነ ያላችሁ አንድ መስመር ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ከሳፋሪኮም ሲም ጋር ከዚህ ይሻላል። ሲም ላይ ብቻ መደገፍ ግን አይመከርም፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሁለት ሲም መያዝ ምንም አልፈየደም።

ቪሳት፣ ማለትም በሳተላይት ዲሽ የሚመጣ መስመር፣ ፋይበር ለማይደርስበት ቦታ ነው። ሳተላይቱ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ዳታው ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ የማታ ሪፖርት ለመላክ ይበቃል፣ በርቀት ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ግን ያንገፈግፋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን) ከራውተሩ ጋር የፋይበሩ ሳጥን ላይም ሰኩት። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ብቻ ቢበራ ዋጋ የለውም።