የመንጠቆ ትል የት ይቀመጥ? ሸክላ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ፎም ወይስ ባልዲ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ቅዳሜ ከደሴ በስተሰሜን ወዳለው፣ ሐይቅ ወደሚባለው ውሃ ዓሣ ለማጥመድ ለመውረድ ያሰበ የደሴ ሰው ሐሙስ ማታ ትል ፍለጋ ጓሮውን ይቆፍራል። ክረምት ከሆነ አይቸገርም፤ አንድ ሁለት ጊዜ በዶማ ገልበጥ ሲያደርግ የሚበቃውን ትል ያገኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን መሬቱ ይደርቃል፣ ትሉም እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይሸሻል፤ ጉልበት ድረስ ተቆፍሮ የሚገኘው ሦስት አራት ቀጫጭን ትል ነው። ትልን በቤት ማቆየት ያስፈለገኝ ለዚህ ነበር። ዛሬ ማስቀመጫ ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የዕቃውን ትልቀትና ዋጋውን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ለትል ግን አንዷ ደጋ፣ ሌላዋ ቆላ ቀመስ ናት። በሁለቱም ከተሞች ኖሬአለሁ፤ በደሴ ሲያገለግለኝ የቆየው አያያዝ ኮምቦልቻ ስገባ አልሠራልኝም።

ለማዳበሪያ የሚረባው ቀይ ትል የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ከ10 በታች ሲሆን ይፈዛል፣ መብላቱንም ይተዋል፤ ነገር ግን ውርጭ ካልያዘው አይሞትም። ከ30 ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል፤ 35 አካባቢ ሲደርስ ያልቃል። ብርድ የሚያዘገየውን ያህል ሙቀት ይገድለዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ቆዳው ከደረቀ ይታፈናል፤ አየር በሌለው ውሃ ውስጥ ከተኛም ይታፈናል። ስለዚህ የማንኛውም ማስቀመጫ ፈተናው ሙቀትን መመለስ፣ እርጥበትን መያዝ፣ አየርን ማስገባት ነው።

ሸክላ

ለኮምቦልቻ ቤት ምርጫዬ ሸክላ ነው፤ ይህንን ያለ ጥርጥር እናገራለሁ። ውሃ በእንስራ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን፦ ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ላብ ሆኖ ይወጣል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ትሉም በዚሁ መንገድ ይጠቀማል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የኮምቦልቻ ቀትር 30 ዲግሪ ሲነካ፣ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ እርጥብ ሸክላ ከውስጥ በጉልህ ይቀዘቅዛል። እጅ ሲያስገቡበት ወዲያው ይታወቃል።

ሆኖም ሸክላ ሁሉ አንድ አይደለም። እንስራ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም፤ አፈሩን ማገላበጥም አይቻልም። አፈ ሰፊ ይግዙ፤ ከታች ቀዳዳ ያለው የአበባ ሸክላ ከተገኘ ደግሞ የተረፈው ውሃ መውጫ አለው። ከሁሉ በላይ ያልተሟሸ መሆን አለበት። ድስት ሲሟሽ ዘይቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ላብ አያወጣም፤ የሸክላው ጥቅም ያበቃው እዚያ ላይ ነው። ወጥ የተሠራበት አሮጌ ድስት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ጨውና በርበሬው ሸክላው ውስጥ ሰርጿል፣ ጨው ደግሞ ትልን ይገድላል። ገበያ ላይ ሻጯን «ጥሬውን ስጪኝ» ብትሏት ይገባታል። ሸክላው በራሱ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ጠዋት ጠዋት ከውጭ በኩል ውሃ መርጨት፣ ወይም በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል ይበቃል። ከሲሚንቶ ወለል ይልቅ ሦስት ጉልቻ ላይ ቢቀመጥ አየር ከሥሩ ያልፋል።

ደሴ ላይ ይኸው መልካም ጠባይ ጉዳት ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እርጥብ ሸክላ ከቤቱም በላይ ይቀዘቅዛል። ትሎቹ መሐል ላይ ተቋጥረው አገኛቸው ነበር፤ የሰጠሁት ምግብ ሳይነካ ይሻግታል። አልሞቱም፤ ግን አልደለቡም፣ አልተባዙምም።

የእንጨት ሳጥን

ለደሴ ቤት ይህን እመርጣለሁ። እንጨት ይተነፍሳል፣ ሙቀትን ቶሎ አይለቅም፣ ቶሎም አይቀበልም። ቲማቲም የሚመጣበት አሮጌ ሳጥን ዋጋው ትንሽ ነው፤ ውስጡን በቃጫ ጆንያ ማልበስ ብቻ ይፈልጋል። ማዳበሪያ የምንለው የፕላስቲክ ከረጢት አየር ስለማያስገባ ለዚህ አይሆንም። ማዕድ ቤት አጠገብ፣ እሳቱ በሩቁ በሚሞቀው ግድግዳ በኩል ከተቀመጠ የደሴ ብርድ ብዙም አይነካውም።

አናጢ ዘንድ አዲስ ለምታሠሩ ግን እንጨቱን ጠይቁ። አዲስ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍም ሆነ ጽድ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ያ ዘይቱ ትልን ያስሸሻል። ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት፣ ሽታው የወጣ አሮጌ ጣውላ ይሻላል። የእንጨት ጉድለቱ ዕድሜው ነው፤ እርጥበት እያገኘው በጊዜ ይበሰብሳል። ጉንዳንም ይወደዋል፤ እኔ አራቱን እግሮች ውሃ ባለባቸው የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ውስጥ አቆማለሁ።

ፎም ሳጥን

መድኃኒት የሚመጣበት ነጭ ፎም ሳጥን ብርድንም ሙቀትንም በመመለስ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ከተማ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው፣ ወይም መኪና ውስጥ ይዞት የሚሄድ ሰው ቢገዛው አልቃወምም። ነገር ግን አይተነፍስም። ክዳኑንና ጎኑን በምስማር ካልበሱት፣ ከታችም ለውሃ መውጫ ካልተዉለት ይታፈናሉ። አይጥም በቀላሉ ይቆረጥመዋል። ለቋሚ ቤት ሳይሆን ለመንገድ ነው።

ባልዲና ጀሪካን

ከሁሉ ርካሹ፣ በየሱቁም የሚገኘው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጀምረውም በእሱ ነው። እኔም ኮምቦልቻ በገባሁ በመጀመሪያው ግንቦት ደሴ የነበረኝን የቀለም ባልዲ ይዤ ቆርቆሮ በረንዳ ሥር አስቀመጥኩት። ከቤት የወጣሁት ጠዋት ነበር፤ ማታ ስመለስ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ወራት ያሳደግኋቸው ትሎች በሙሉ ሟሙተው ነበር። ያን ቀን ያዘንኩት ስለ ማጥመዱ ብቻ አልነበረም፤ በእጄ ያለ ሕይወት በእኔ ስህተት እንደዚያ መሞቱ ከብዶኝ ነው።

በጀታችሁ ባልዲ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ግን አትተዉት። ወለሉን በጋለ ምስማር ብሱት፣ ጎኑን ከላይኛው ጠርዝ በታች ዙሪያውን ብሱት፣ በክዳን ፈንታ እርጥብ ጆንያ እሰሩበት፣ ቆርቆሮ ሥር አታድርጉት። ቢጫ የዘይት ጀሪካን በጎኑ ተቆርጦ ሲከፈት ከባልዲው ይሻላል፤ ትል ከጥልቀት ይልቅ ስፋት ይወዳልና። ፀረ ተባይ ወይም ኬሚካል የነበረበትን በጭራሽ፣ መቶ ጊዜ ቢታጠብም።

የትኛው ትል?

ጓሮ ተቆፍሮ የሚወጣው ትል ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ መንጠቆ ላይ ረጅም ጊዜ ይንቀሳቀሳል። በሳጥን ውስጥ ግን አይመቸውም፤ ጥልቅ አፈር ለምዷል፣ በጠባብ ዕቃ ውስጥም እምብዛም አይራባም። ለአንድ ሁለት ሳምንት ማቆየት ከፈለጋችሁ ይበቃል።

ለቨርሚ ኮምፖስት፣ ማለትም በትል ለሚሠራ ማዳበሪያ፣ የሚረባው ቀይ ትል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኢሴኒያ ፈቲዳ፣ ተፈጥሮው ለዚሁ ነው፦ ከላይ ከላይ ይኖራል፣ የበሰበሰ ነገር ይበላል፣ እንቁላል ያለበትን ከረጢት ይጥላል፣ ከአንዱ ከረጢትም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ትል ይፈለፈላል። አንድ ጊዜ ተገዝቶ በደንብ ከተያዘ ደግሞ መግዛት አያስፈልግም። ጉድለቱ ሲነካ የሚያወጣው ቢጫ ፈሳሽ ይሸታል፤ አንዳንድ ዓሣም ይህን አይወድም ይባላል። አምባዛ ግን በጨለማ በሪዙና በማሽተት የሚያድን ዓሣ ነው፤ እኔ ሲጠላው አላየሁም። ለቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ቁራጩን ብቻ አደርጋለሁ። ለረጅም ጊዜ የሚገዛ ሰው ቀዩን ይግዛ።

መኝታውና ምግቡ

ቡናማ ካርቶን ተቀዳዶ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ተጨምቆ ጥሩ መኝታ ይሆናል። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው። ከካርቶኑ ጋር የቆየ ፍግ ቢቀላቀል ይበልጥ ይወዱታል። ትኩስ ፍግ ግን ይግላል፣ የሚያፍን ጋዝም አለው፤ አንድ ሁለት ወር ሜዳ ላይ ቆይቶ፣ አፈር አፈር መሽተት ሲጀምር ነው የሚገባው። በቅርቡ የትል መድኃኒት የተሰጠው ከብት ፍግ ተውት፤ መድኃኒቱ በፍጉ ስለሚወጣ ትሎቻችሁን ይጎዳል።

ምግቡ የድንችና የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ በትንሹም የቡና አተላ። በአራት አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ የቀደመው ካለቀ በኋላ። ወጥ የነካው ነገር፣ ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ አይገባም። ወሎ ቤት ገራባ (ከጫት የሚተርፈው ቅጠል) አይጠፋምና ስለ እሱም ልናገር፦ ቅጠል ነው ብላችሁ አትጨምሩት፤ ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል።

ትንንሽ ዓሣ በሕይወት ማቆየት

ለትልቅ አምባዛ ትንሽ ዓሣ በሕይወቱ ማቅረብ የሚፈልጉ አሉ። ለዚህ ባልዲና የአኳሪየም አየር ፓምፕ ያስፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ የማይቆም ባለ ባትሪ ቢሆን ይመረጣል። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ውሃው ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ይደር። ይህ ሁሉ ተደርጎም ዓሣዎቹ ጥቂት ካልሆኑ ይሞታሉ።

እኔ ለጀማሪ አልመክረውም፤ ምክንያቴ ግን ወጪው አይደለም። ከቦርከና ወንዝ የተያዘ ዓሣ ከነውሃው ሐይቅ ላይ ሲደፋ የማናውቀውን ዘርና በሽታ እናስገባለን። ቆሮሶ ራሱ የሐይቅ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የገባ ነው። ውሃው አንዴ የተቀበለውን መልሶ አይሰጥም። ትንሽ ዓሣ የምትጠቀሙ ከሆነ እዚያው ከሐይቁ የያዛችሁትን፣ እዚያው ተጠቀሙ።

ለጉዞው ዋዜማ

ሐሙስ ማታ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ትል ከሳጥኑ አውጡና ምግብ በሌለበት፣ እርጥብ ካርቶን ብቻ ባለበት ጣሳ ውስጥ አድርጉ። በአንድ ሁለት ቀን ሆዳቸው ይጸዳል፣ ቆዳቸው ይጠነክራል፣ መንጠቆ ላይም አይበጠሱም። የጣሳውን ክዳን ብሱት፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ በማይነካው በኩል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከሆነ ደሴን አልፋችሁ ስለምትወጡ መንገዱ ይረዝማል፤ ገና ሳይነጋ ተነሱ። ማታ የተረፉትን ወደ ሳጥናቸው መልሷቸው፤ ዳር ላይ አትድፏቸው።