9 ወር ሙሉ የለካሁት የቤት ኢንተርኔት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቴ የፋይበር መስመር የገባልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ፓኬጁ 10 ሜጋ፣ ገደብ የሌለው። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ቀን ፒያሳ እውላለሁ፣ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያለቀውን አዲስ አበባም ውጭ አገርም ላሉ ደንበኞች እልካለሁ። ፍጥነት ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ወር በንዴት አለፈ። መኝታ ቤት ሆኜ በስልኬ ስፒድቴስት የሚባለውን የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ስከፍት 2 ሜጋ ያሳየኛል። የ10 ከፍዬ 2! መስመሩን ላስገባልኝ ድርጅት ደጋግሜ ደወልኩ፤ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ይሉኛል፣ እኔ አላምንም። በኋላ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ የሚማር የጎረቤት ልጅ መጣና «ጋሼ አብሽር፣ መጀመሪያ በኬብል እንለካው» አለኝ። የቤቱን ስልኮች ሁሉ ዋይፋይ አስጠፋ፣ ላፕቶፔን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ራውተሩ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን) ላይ ሰካና ለካ። 9.4 መጣ። መስመሩ ደህና ነበር ማለት ነው። ሰዎቹንም በከንቱ ነው የተቆጣኋቸው።

ጥፋቱ የቦታ ነበር። ራውተሩ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቋል፤ በእሱና በመኝታ ቤቱ መሀል ደግሞ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግን ቀርፋፋ ቢሆንም ይሻገራል፣ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር እዚያው ላይ ይጋፋል። የእኔን ራውተር ኮሪደር ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩትና የ2.4ን ቻናል፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሄድበትን መንገድ፣ ወደ 11 ቀየርኩ (እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ በሰፈራችሁ ጭር ያለውን ምረጡ)። አሁን መኝታ ቤት 8 አገኛለሁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አለ፦ «10 ሜጋ ነው ብለውኝ ፋይል ሳወርድ 1.2 ብቻ ያሳየኛል።» ልክ ነው እኮ። የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ፋይሉ የሚቆጠረው በሜጋ ባይት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ሙሉውን ቢሰጥ እንኳ በሴኮንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። የእኔ 4 ጊጋ ባይት ቪዲዮ በዚህ ፍጥነት 53 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ግን እሱ ወደ ላይ የሚጫነው፣ አፕሎዱ ማለቴ ነው፣ ያን ያህል ሲሆን ነው። ሰው ዳውንሎዱን (የሚወርደውን) ብቻ አይቶ መለኪያውን ይዘጋዋል፣ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እንደኔ ፋይል የሚልክ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚያኛው ቁጥር ላይ ነው። ከኅዳር ጀምሮ በደብተር ይዣለሁ፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት፣ ሁሌም በኬብል። ጠዋት አፕሎዱ 9 አካባቢ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ወደ 4 ይወርዳል፤ ያው ቪዲዮ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል ማለት ነው። ስለዚህ አሁን የምልከው ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ነው።

ሌላም አለ። ፋይል እየጫንኩ ልጄ ከአክስቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ፋስት ዶት ኮም የሚባለው የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ስትከፍቱ የመዘግየቱን ጊዜ (መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን) ሁለት ጊዜ ያሳያችኋል፣ አንዱ መስመሩ ባዶ ሲሆን፣ ሌላው ጭነት ላይ ሲሆን። የእኔ ከ14 ሚሊሴኮንድ ወደ 400 ይዘላል! ፋይል የምልክበት ሶፍትዌር ላይ የአፕሎዱን ፍጥነት 6 ሜጋ ላይ ገደብኩት፣ መቆራረጡ ቆመ።

ሚያዝያ ላይ የፋይበሩ ገመድ የሚገባበት ሳጥን ላይ ቀይ መብራት እየበራ ይቋረጥብኝ ጀመር። የመጣው ቴክኒሻን በፋይበሩ ውስጥ ኢንተርኔቱን የሚያመጣውን ብርሃን ጉልበት ለካና ገመዱን መስኮቱ ጥግ ላይ ታጥፎ አገኘው። ፋይበር በጠባቡ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል። ሰፋ አድርጎ ጠቀለለው፣ ከዚያ ወዲህ ቀይ አላየሁም።

በሞባይል ዳታ ግን ደጋግማችሁ አትለኩ፣ አንዱ ሙከራ ብቻ በ10 ሜጋ ፍጥነት 20 ሜጋ ባይት አካባቢ ሊበላ ይችላል፣ መስመሩ ሲፈጥን ደግሞ ይብሳል።

መስመሩን አልቀይረውም፣ ለሥራዬ ጠቅሞኛል። የማታው ነገር ግን አልተፈታም። ትናንትም 3 ሰዓት ላይ 4.1 ነበር። የ9 ወሩን ደብተር ይዤ ሰኞ ቢሮአቸው እሄዳለሁ።