እጇ ይባረክ፦ ክረምቱን ተዘግቶ የከረመውን ቤታችንን ላጸዳችልን እህት

ተከራይ ለቆባችሁ፣ ቤታችሁን አጽድታችሁ ለሌላ ሰው ልታከራዩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ረዘም ይላል። ግን ሦስት ቀን ሙሉ የለፋችልንን ሴት በሁለት መስመር አመስግኜ ማለፍ አልሆነልኝም።

ቤቱ የእማዬ ነው። ጀሞ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ። የእማዬ ጡረታ ትንሽ ስለሆነ መድኃኒቷም አስቤዛዋም የሚሸፈነው ከዚህ ቤት ኪራይ ነው። የቀድሞ ተከራዮቻችን አራት ዓመት ኖረውበት ሰኔ መጨረሻ ላይ ለቀቁ። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ የኪራይ ቀን አሳልፈው አያውቁም። ወዲያው ማከራየት ነበረብን፤ ግን እማዬ ጉልበቷን ታመመችና እሷን ሳስታምም ሐምሌና ነሐሴ እንደዋዛ አለፉ። ያን ሁሉ ዝናብ ቤቱ መስኮቱ ሳይከፈት ከረመ። ጳጉሜን 2 ቀን በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ሽታ ወደ ደረጃው መለሰኝ። ሻጋታው፣ የፍሳሹ ሽታ፣ የቆየው ዘይት፣ ሁሉም አንድ ላይ።

ከዚህ በፊት ደግሞ አንዴ ተቃጥለናል። እነዚያ ተከራዮች ከመግባታቸው በፊት ቤቱን ያጸዳው በደላላ የመጣ ሰው ነበር። ሴራሚኩን በአሲድ አጠበው። የዚያን ቀን ያብለጨልጭ ነበር፣ እኛም ደስ ብሎን ከፈልነው። ብዙም ሳይቆይ በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ነጭ ሲሚንቶ እየተፈረፈረ ይወጣ ጀመር። የሻወሩ ቧንቧም ላዩ ተላጠ። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረውን ሻጋታ ደግሞ ሳያጥበው ቀለም ቀብቶበት ነበር የሄደው። ተከራዮቹ በገቡ በሁለተኛው ወር ጥቁሩ ነገር ቀለሙን አልፎ ተመልሶ ወጣ። ሴትየዋ ደውላ በትህትና ስትነግረኝ ያፈርኩት ማፈር ዛሬም ድረስ አልለቀቀኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ በደላላ አልሄድኩም። መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት የዚችን እህት ስልክ የሰጠችኝ። ስደውልላት ዋጋ ከመናገሯ በፊት ጥያቄ ጀመረች። ስንተኛ ፎቅ ነው? ውሃ በየትኛው ቀን ነው የሚመጣው? ቤቱ ስንት ጊዜ ተዘጋ? የሚገቡት ሰዎች ሕፃን አላቸው? አዎ፣ የሰባት ወር ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው አልኳት። «እንግዲያው የሚድኽ ልጅ ነው፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ወለሉን በምን እንደማጥብ አስቤ ነው የምመጣው» አለችኝ። እኔ ስለ ግድግዳው ቀለም ስጨነቅ እሷ ገና ያላየችውን ልጅ ታስብ ነበር። እዚያው ስልክ ላይ ነው ልቤ ያረፈው።

ቤቱን ሳላይ ዋጋ አልናገርም ብላ መጥታ አየችው። ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፈተች፣ ከሲንኩ ሥር ጎንበስ ብላ አየች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ ለሦስት ቀን፣ ለእሷና አብሯት ለሚሠራው ታናሽ ወንድሟ፣ የጽዳት ዕቃውን ጨምሮ 7,000 ብር አለች። አልተከራከርኳትም። ከዚያ በታች የሚሠራ እንዳለ አውቃለሁ። የሠራችውን ካየሁ በኋላ ግን ያነሰባት እሷ ናት ባይ ነኝ።

መስከረም 3 ጀመሩ። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ገረመኝ። ጨርቅም መጥረጊያም ሳታነሳ በሽንት ቤቱ የወለል ፍሳሽ፣ በወጥ ቤቱ ሲንክ፣ በእጅ መታጠቢያው፣ በሁሉም ውሃ እየደፋች ዞረች። ለካ ያ የሚያፍነው ሽታ ግማሹ ቆሻሻ አልነበረም። ከሲንክና ከወለል ፍሳሽ ሥር ያለችው ጠመዝማዛ ቱቦ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ትይዛለች፤ ያቺ ውሃ ናት የፍሳሹን ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ የምትዘጋው። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሲሆን ውሃዋ ትደርቃለች፣ መንገዱ ይከፈታል፣ ሽታውም በረሮውም በዚያው ይወጣል። ውሃው ተደፍቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ሌላ ሆነ። ባዶ ቤት ያላችሁ በየሳምንቱ አንድ አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት፤ ይሄን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ እኔም አደርገው ነበር።

ከዚያ ደረቁ ሥራ ነው የቀደመው። የሸረሪት ድሩ፣ ኮርኒሱ፣ የቁም ሳጥኑ አናት፣ የመስኮቱ ሐዲድ ውስጥ ያለው አቧራ። ሐዲዱን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ነው ያወጣችው። ውሃ ከነካው ጭቃ ሆኖ ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ መስኮቱ እሺ ብሎ አይከፈትም አለች። ወለሉን እስከ መጨረሻው ቀን አልነካችውም፤ ከላይ የሚወርደው ሁሉ ወርዶ ሳያልቅ ወለል ማጠብ ውሃና ጉልበት ማባከን ነው።

ወጥ ቤቱን ታውቁታላችሁ። የእኛ ቁሌት የማይደርስበት ቦታ የለም። ሽንኩርቱና በርበሬው በዘይት ሲንተከተክ የሚተነው ነገር ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ዓመት በዓመት እየተደራረበ፣ አቧራ እየያዘ፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። እኔ ብሆን ሽቦ ይዤ እፍቀው ነበር። እሷ የፈላ ውሃ ላይ ኦሞና ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣ፣ ጨርቅ ነክራ ግድግዳው ላይ ለጠፈችውና ወደ ሌላ ሥራ ሄደች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስትጠርገው ቅባቱ እየቀለጠ ወረደ። ሴራሚኩ ላይ አንድ ጭረት የለም።

የምጣዱን ሶኬት ያየችውም እዚያው ስታጸዳ ነው። ዳር ዳሩ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ትንሽ ቀልጦ ነበር። ጠርጋው ማለፍ ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። ጠርታ አሳየችኝ፣ «ይሄን ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ሰው እንዳታስገቢ» አለችኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ሲፈታው ከኋላ ያለው ሽቦ ላልቶ ልባሱ ተቃጥሏል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ የሚስብ ዕቃ ነው፣ በላላ ሽቦ ላይ ሲሆን ሶኬቱ ራሱ ምድጃ ይሆናል። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ ሻጋታው ልምጣ። በዋናነት ይሄን ጽሁፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ፣ የመንገድ በኩሉ፣ ከመስኮቱ ሥር እስከ ወለሉ ጠቁሮ ነበር። ቀለም ቀቢውን ለሚቀጥለው ቀን ቀጥሬዋለሁ። ተከራዮቹም በ10 መግባት ፈልገዋል። እሷ ግን ቀለሙን ተይው አለችኝ። ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳይታወቅ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፣ ከዚያ ደግሞ ልጁ ያንን እየተነፈሰ ነው የሚያድገው። ወንድሟ በመስኮቱ ወጣ ብሎ ፍሬሙን ሲነካካ ሲሊኮኑ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዝናቡ በነፋስ ሲመታ በዚያች ስንጥቅ ነበር የሚገባው። አሮጌውን ፍቆ አውጥቶ አዲስ ሞላው። እሷ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ጓንት አድርጋ፣ መስኮቱንም በሩንም በርግዳ፣ ግድግዳውን በውሃ በቀጠነ በረኪና አጠበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቢያንስ ሳምንት ፀሐይና ነፋስ ይግባበት፣ በእጅሽ ስትነኪው ደረቅ ሲሆን ቀቢውን ጥሪ አለችኝ።

ሳምንት ማለት ለእማዬ ገንዘብ ነው። ለምታጸዳልን እህትም ቀላሉ ነገር ዝም ብላ ሥራዋን ጨርሳ መሄድ ነበር። ለተከራዮቹ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው፣ ከመስቀል በኋላ ግቡ፣ ግድግዳው ይድረቅ አልኳቸው። እናትየው ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «አንድም አከራይ እንዲህ ነግሮን አያውቅም፣ እንጠብቃለን» አለችኝ። ያን ምስጋና የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ የሚገባው ግን ላጸዳችልን እህት ነው።

አንድ ነገር ሁላችሁም ያዙልኝ። በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ አይገናኙም። የቧንቧውንና የሻወሩን ነጭ የውሃ ዝቃጭ ያስለቀቀችው በአቼቶ ነው፤ ጨርቅ ነክራ ጠቅልላ፣ በፌስታል አስራ አሳደረችው። ግን በረኪና የነካውን ቦታ በብዙ ውሃ አጥባ፣ አንድ ቀን አሳልፋ ነው። ሲደባለቁ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በረኪና ከአሲድ ጋርም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። የኮንዶሚኒየም ሽንት ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ መዳፍ ታክላለች። «ቶሎ እንዲነጣ» ብላችሁ ሁሉን አንድ ባልዲ ውስጥ የምትጨምሩ፣ እባካችሁ ተዉት።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ፈቀቅ ሲያደርግ ከኋላው አንድ ካርድ ወደቀ። የልጅ ክትባት ካርድ። የቀድሞ ተከራዮቻችን ልጅ ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ በንጹህ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እናትየው ጋ ስደውል ለልጁ የትምህርት ቤት ምዝገባ ፈልጋው ፈልጋው ተስፋ ቆርጣ ነበር። ስልኩ ላይ እልል አለች።

ቤቱን ገና ስትገባና ሥራዋን ስትጨርስ እያንዳንዱን ክፍል በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ሆነ። የኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ከወጣ ወዲህ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም። ሁለት ዓመት አብሮን የሚቆይ ሰው ቤቱን በምን ሁኔታ እንደተረከበ ሁለታችንም እኩል ብናውቅ ይሻላል። ፎቶዎቹን አትሜ ርክክቡ ላይ ሁለታችንም ፈረምንባቸው።

የመጨረሻው ቀን እማዬ ካልሄድኩ አለች። በከዘራዋ፣ በየፎቁ እያረፈች ወጣች። ቤቱ ወለሉ ገና እርጥብ ነበር፣ መስኮቱ ተከፍቶ ፀሐይ ገብቶበታል። ዞራ ዞራ አየችውና ምንም ሳትናገር ጀበናዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ለካ ይዛ ነው የመጣችው። እሷ በተደፋ ባልዲ ላይ፣ እኛ ጀሪካን ላይ ተቀምጠን በባዶው ቤት ቡና ጠጣን። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ» አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የእማዬን ጉልበት ሳመች። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር፦ ፈጣን አይደለችም። በአንድ ቀን ጨርሱልኝ ለሚል ሰው አትሆንም። ልጇን እናቷ ጋ አድርሳ ስለምትመጣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትጀምርም፤ ከጀመረች ግን እስኪመሽ አትቀመጥም። የትኋን መድኃኒት አትረጭም፣ ያ የራሱ ባለሙያ አለው ትላለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ቀደም ብላችሁ በርሜል ሙሉላት። እሷ ስትሠራ አጠገቧ መቆም አያስፈልጋችሁም፤ ቁልፍ ሰጥታችኋት መሄድ ትችላላችሁ፣ እኔ ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ሥራ ውዬ ነው የመጣሁት።

ስሟንና ስልኳን እዚህ ያልጻፍኩት እሷው ስለለመነችኝ ነው። ከዚህ በፊት ስልኳ አደባባይ ወጥቶ ሌሊት ሁሉ የማይሆን ሰው ሲደውልላት ነበር። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤታችሁ የት እንደሆነና ስንት ክፍል እንደሆነ ንገሩኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ተይዣለሁ ብላኛለች፤ ከዚያ በኋላ ላለው ከአሁኑ ንገሩኝ።