ለታሪክ ክበብ የአረጋውያንን ቃል መቅጃ፦ ዙም ኤች1ኤን ምን ያህል ይበቃል?

ጎጃም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ብሎ ሲነሣ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ሰማንያን እየተጠጋ ነው። «ግብሩ ሰበብ ነው፤ ርስታችንን ሊለኩ ነው» ያለው ገበሬ ሞጣና ቢቸና ላይ ከጦር ጋር ተጋጠመ። በኋላ ጠቅላይ ገዥው ከሥልጣን ተነሣ፣ ያልተከፈለው ውዝፍ ግብርም ተማረ። ባሕር ዳር ውስጥም በ1953 ዓ.ም. ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ሠራተኛ በማኅበር እንዲደራጅ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 210/1956 ከመውጣቱ በፊትና በኋላ እዚያ እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚናገረው በማሽኑ ላይ የቆመ ሰው ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦም ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ የማይቀርብበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ከተማዋ ስለ መብት ያላት ታሪክ ይህ ነው፤ አብዛኛውም ያለው በሰው አፍ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ታሪክ ክበብ መቅጃ ሲመርጥ ዋናው ጥያቄ «የዛሬ ሠላሳ ዓመት ተማሪ ይህን ድምፅ አጥርቶ ይሰማዋል ወይ?» የሚለው ነው።

በዚህ ሚዛን ዙም ኤች1ኤን (Zoom H1n) የሚባለው ትንሽ የድምፅ መቅጃ ጥሩ ዕቃ ነው። ክብደቱ ያለ ባትሪ 60 ግራም ገደማ ስለሆነ ሽማግሌውን አያስደነግጥም። ሁለት ማይክ አለው፣ ዋቭ በሚባለው የፋይል ዓይነት ድምፁን ሳይጨምቅ ይቀዳል፣ ቁልፎቹም ጥቂት ናቸው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለምደዋል። ስልክ ለማስታወሻ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም። ብዙ ስልኮች ድምፁን ይጨምቃሉ፣ ጫጫታ እናጥፋ ሲሉም ደከም ያለውን የአረጋዊ ድምፅ አብረው ይቆርጣሉ። ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ቅጂው ይቋረጣል።

አዘገጃጀቱን በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት አድርጉት። አንድ ሰዓት ቅጂ 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ 30 ሰዓት ያህል ይይዛል። ፋይሉ 2 ጊጋባይት ሲሞላ መሣሪያው በራሱ ሌላ ይከፍታል፤ ሁለቱን ክፍሎች ሳትለያዩ ገልብጡ። የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ እስከ 32 ጊጋባይት ብቻ ነውና ከዚያ የበለጠ አትግዙ። የድምፁን መጠን ራሱ እንዲወስን አትተዉት፤ ሽማግሌው ዝም ባሉ ቁጥር የክፍሉን ጫጫታ ያጎላዋል። ድንገት የሚጮኸውን ድምፅ የሚገታውን ሊሚተር ክፈቱ፣ እንደ ጉርምርምታ ያለውን ወፍራም ድምፅ ማጥፊያውን (ሎ ከት) 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ፣ ከፍ ብለው ሲናገሩ መለኪያው ከ-12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ አስተካክሉ።

ትልቁ ድክመቱ አካሉ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ የጣት እንቅስቃሴ ሁሉ ይገባበታል፤ በእጅ ይዞ መቅዳት ማለት ሥራውን ማበላሸት ነው። ከጀርባው የካሜራ መቆሚያ የሚገባበት ቀዳዳ ስላለ ትንሽ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ግዙ። ከሌለ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት፤ ከአፋቸው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ሲኒ ከተደረደረበት ረከቦት ወይም ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አይቀመጥ። ቡናው ይፈላ፣ ደግሞም ወግ ያለ ቡና አይደምቅም፤ ሙቀጫው ግን ከቅጂው በፊት ያብቃ።

ሁለተኛው ንፋስ ነው። ቀን ላይ ከጣና የሚነፍሰው ንፋስ ማይኮቹ ላይ ሲያርፍ ቃሉን ይውጠዋል። ማይኮቹ ላይ የሚጠለቀው ስፖንጅ ቆብ ቤት ውስጥ ይበቃል፤ ሐይቅ ዳር ታንኳ ሠሪዎችን ለመቅዳት ግን ጸጉራሙ ቆብ ግድ ነው። ገንዘብ ከጠበበ ከሁለተኛ መቅጃ በፊት ይህን ግዙ። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ባጃጅ የሚበዛበት መንገድ ዳር ከሆነ ወደ ጓሮ ግቡ። በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ቅጂውን አቁማችሁ ጠብቁ፤ ያንን ድምፅ ምንም ማጣሪያ አያወጣውም።

ኃይሉ ሁለት ትሪፕል ኤ ድንጋይ ነው። በአልካላይን 10 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ያልቃል፣ ውስጡ ከተረሳም ፈስሶ ያበላሸዋል። መብራት ቢጠፋ በፓወር ባንክም ይሠራል፤ ገመዱ ግን አሮጌው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የዙም አዲሱ መቅጃ ኤች1ኢሴንሻል፣ ደከም ያለውንም የሚጮኸውንም ድምፅ በሚይዘው በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀዳ የድምፅ መጠን ማስተካከል አያስፈልገውም። አቅም ካለ እሱ ይሻላል፤ ለጀማሪ እጅ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መሣሪያው የማያግዝበት ነገርም አለ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚይዝ የፋይሉን ስም በሁለቱም ዘመን ጻፉ። ካልሆነ «ስድሳ» የተባለው 1960 ዓ.ም. ይሁን የፈረንጆቹ 1960 አይለይም፤ በመካከሉ ያለው ሰባት ስምንት ዓመት ግብሩ ከመታወጁ በፊት ያለውን ዘመን ከታወጀ በኋላ ካለው የሚለይ ነው። ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በድምፅም በወረቀትም ይያዝ፣ መጻፍ ለማይችሉ የጣት አሻራ ይበቃል። ለሁሉ ይሰማ፣ በትምህርት ቤቱ ብቻ ይቅር፣ ወይስ ለጊዜው ይዘጋ? ምርጫው የእሳቸው ነው። በመሬት ክርክር ወይም በግድያ የሰው ስም ከተነሣ ያ ክፍል ለብቻው ይቀመጥ፤ የተወቃሹ ልጆች ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉና።

ጥያቄውም መልሱን አይሸከም። «አባባ፣ ያኔ በጣም ተበድላችሁ ነበር አይደል?» ካሉ «አዎ ልጄ» ብቻ ይመጣል። «ገማቾቹ መጀመሪያ ሲመጡ እርስዎ የት ነበሩ? ምን ይዘው ነበር?» ሲባል ግን ሜዳው፣ ገመዱና የሰዉ ፊት ይመጣል። መልሱ ሲያልቅ አምስት ሰኮንድ ዝም በሉ፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ቢያንስ ስድስት ሰዓት መድቡ፣ የጎጃሙንም አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አታርሙት።

በዚያው ቀን ፋይሉን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። የመቅጃው ድምፅ ማጉያ ትንሽ ስለሆነ ጆሮ ለደከመ ሰው አይሰማም። ስለዚህ ቅጂው ቃሉን ለሰጡት ሽማግሌ ሲመለስ ወደ ኤምፒ3 ቀይራችሁ በፍላሽ ስጡ፤ ፍላሽ የሚቀበሉ ብዙ ራዲዮኖች ባለ 24 ቢቱን ዋቭ አያነቡም።