ፒችትሪ ወይስ ኤአይ? ለደሴና ኮምቦልቻ የአካውንቲንግ ተማሪ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ አካውንቲንግ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ ክረምቱን ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር) ልሰልጥን ወይስ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ኤአይ ልልመድ?

ዋጋ፦ ፒችትሪ የስልጠና ክፍያ አለው። ኤአይ በስልክ በነፃ ይጀመራል፤ ወጪው ዳታ ብቻ ነው።

ቅለት፦ ኤአይ ይቀላል። ዴቢትና ክሬዲት ለተምታታበት ልጅ ሌሊትም ቢሆን ሳይሰለች በአማርኛ ያስረዳል። ፒችትሪ ደረሰኝ በደረሰኝ ማስገባት ይጠይቃል። እጅ የሚፈታው ግን እዚያ ላይ ነው።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኤአይን ስለ ደመወዝ ግብር ብትጠይቁት፣ ከግብር ነፃ የሆነው በወር እስከ 600 ብር ነው ሊላችሁ ይችላል። ያ የ2008ቱ አዋጅ ነው። በ2017 የወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር አድርጎታል። በአሮጌው አዋጅ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) የሠራ ሰው ከሠራተኛው ኪስ ያለአግባብ ይቆርጣል፤ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ፒችትሪም ያስገባችሁለትን ነው የሚያሰላው፤ ስህተቱ የት እንደገባ ግን ተመልሶ ይታያል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቶሎ መቀጠር ለሚፈልግ ፒችትሪ ይቅደም። ሥራ ይዞ ሪፖርት ማርቀቅና የኤክሴል ፎርሙላ ለሚያደክመው ደግሞ ኤአይ ብዙ ያግዘዋል፣ አዋጁን አጠገቡ ካስቀመጠ።